ዘጠኝ ጥርስ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አሻንጉሊት ነው። አዎ፣ ስለ አሻንጉሊት! «ሰውዬው የፍቅርና የትዳር ጥያቄ አለቀበትና የሕፃናት ገጽ ውስጥ ገባ» ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ትንሽ ታገሡኝ። ይህ አሻንጉሊት ሁለት እህትማማቾችን ለአምስት ሳምንት ያኮራረፈ ነው። ታላቂቱ ዱባይ፣ ታናሺቱ አዲስ አበባ፣ እናት ደግሞ መንዝ፣ መሐል ሜዳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ እሑድ ማታ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ርዝመቱ አሥራ አንድ ደቂቃ! (እባካችሁ ልጆች፣ ለእኔ ቢጤ ሰው አሥራ አንድ ደቂቃ አይላክም፤ ሻይዬ ቀዘቀዘ።) ከጀርባዋ የሚቀጥለውን ጣቢያ በአረብኛና በእንግሊዝኛ የሚጠራ ድምፅ ይሰማል። ጠያቂያችን የዕረፍት ቀኗን ጨርሳ በሜትሮ ወደ አሠሪዎቿ ቤት እየተመለሰች ነበር። ስሟን አልጽፍም፤ የምትሠራበትን ሰፈርም እንደዚሁ። ቃሏን ግን ከሞላ ጎደል እንዳለ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ዱባይ ከመጣሁ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ደመወዜ 1,200 ድርሃም ነው። ታናሽ እህቴን አዲስ አበባ ኮሌጅ የማስተምራት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ‘እታለም፣ ይህን ግዢልኝ’ ብላኝ አታውቅም። ስልኩንም ጫማውንም በራሴ አስቤ ነው የምልክላት። ባለፈው ግን ልደቷ ሲደርስ ‘ላቡቡ ላኪልኝ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ቦርሳቸው ላይ አንጠልጥለዋል’ አለችኝ። ደስ አለኝ ጋሼ! ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀችኝ።

«ላቡቡን አውቃታለሁ። የአሠሪዬ ልጅ ሃያ ሦስት አሏት። መስታወት መደርደሪያ ላይ ደርድራቸዋለች፤ በየቀኑ አቧራቸውን የምጠርገው እኔ ነኝ። በዕረፍቴ ቀን ዴራ ወረድኩ። አንድ ሱቅ ገብቼ ‘ኦሪጅናል ነው?’ አልኩት። ‘ወላሂ ኦሪጅናል!’ አለኝ። 80 ድርሃም አለ፣ በ65 ተስማማን። አገር ቤት ለምትገባ ልጅ ሰጥቼ ላክሁላት። በሳምንቱ ከእህቴ አንዲት መልእክት መጣች፤ ‘እታለም፣ አሥር ጥርስ ነው ያላት’ ትላለች። አበቃ። ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሳም። እማዬን ስጠይቃት ‘ደህና ናት’ ትለኛለች።

«መጀመሪያ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። የአሠሪዬን ልጅ ብጠይቃት ሳቀችብኝ። እውነተኛዋ ያላት ዘጠኝ ጥርስ ነው አለችኝ። ማታ መደርደሪያውን ስጠርግ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ… እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዓመት ሙሉ ስጠርጋቸው ጥርሳቸውን አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። አሁን እቁቤ ሊደርሰኝ ነው። አንድ ልጅ ‘ሚስጥራዊ’ የምትባለዋን ከነሣጥኗ በ900 ድርሃም እሸጥልሻለሁ ብሎኛል። እቁቡን ለእማዬ ቤት ቆርቆሮ ነበር ያሰብኩት። ጋሼ፣ ልግዛላት ወይስ ልተወው?»

መልእክቷ እዚህ ላይ ያበቃል።

እንግዲህ እኔም የዚያው አገር ሰው ነኝና፣ ሰምቼ ስጨርስ ፊቴ ላይ ድቅን ያለው የበግ ገበያ ነው። መንዝ የገብስና የበግ አገር ነው። በልጅነቴ አባቴን ተከትዬ ገበያ ስወርድ መጀመሪያ የተማርኩት ነገር ቢኖር በግ ከመግዛት በፊት አፉን መክፈት ነው። ሻጩ የፈለገውን ይማል፣ «የዘንድሮ ጠቦት ነው» ይበል፣ ገዢው መንጋጋውን ይይዝና የታችኛውን ከንፈር ዝቅ አድርጎ ይቆጥራል። በግ ከፊት በኩል የላይ ጥርስ የለውም፤ የታችኞቹ ስምንት ናቸው። ግልገል ሳለ ሁሉም ጥቃቅን የወተት ጥርስ ናቸው። ዓመት አለፍ ሲለው መሐለኞቹ ሁለቱ ወልቀው ትላልቆቹ ይተካሉ። ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስድስት እያለ አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ስምንቱም ይሞላሉ። ጥርሱ ከታየ በኋላ ደግሞ ወገቡን ጨበጥ፣ ላቱን ዳበስ፣ ሁለት ጊዜ ጥሎ መሄድ፣ ሁለት ጊዜ መመለስ… ክርክሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀመረው። በጆንያ ውስጥ ያለ በግ የሚገዛ መንዜ እኔ አላየሁም።

ታዲያ የመንዝ ልጅ ሆና ዴራ ላይ ጥርስ ሳትቆጥር ገዛች! (ይህንኑ ስጽፍላት እሷም ሳቀች።) ሙሉ አፍ በግ ስምንት፣ ላቡቡ ዘጠኝ።

ላቡቡ ማን ናት ለምትሉ፣ በተለይም ለእኔ እድሜ ጓዶች፣ ባጭሩ ልንገራችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሆንግ ኮንግ ተወልዶ ኔዘርላንድስ ያደገ ካሲንግ ለንግ የሚባል ሠዓሊ በሰሜን አውሮፓ ተረቶች ተመስጦ በ2015 በሥዕል መጻሕፍቱ የፈጠራት ፍጡር ናት። ጆሮዋ እንደ ጥንቸል የቆመ፣ ፀጉራም፣ ጥርሰ ስል። ሴት ናት፣ ልብ በሉ። በ2019 ፖፕ ማርት ከሚባለው የቻይና ኩባንያ ጋር ተዋዋለና አሻንጉሊት ሆነች። ቦርሳ ላይ የምትንጠለጠለው የፀጉሯ ዓይነት የመጣችው በ2023 መጨረሻ ገደማ ነው። በ2024 ደግሞ ሊሳ የምትባለው የብላክፒንክ ዘፋኝ አንጠልጥላ ስትታይ እስያ እንዳለ አበደ፤ ቀጥሎ ዓለም። በዚያው ዓመት የፖፕ ማርት ገቢ 13.04 ቢሊዮን ዩዋን ሲሆን፣ ላቡቡና ዘመዶቿ ብቻቸውን 3.04 ቢሊዮን አስገብተዋል። በ2025 ሰኔ ውስጥ ቤጂንግ ላይ የሰው ቁመት የሚስተካከል አንድ ላቡቡ በጨረታ 1.08 ሚሊዮን ዩዋን ተሸጠ፤ 150,000 ዶላር መሆኑ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ እንግሊዝ አገር ሱቆቹ በር ላይ ሰው ሲቧቀስ ኩባንያው ሽያጩን እዚያ ለጊዜው አቁሞ ነበር። በአሻንጉሊት የተነሣ ቡጢ! እኛ እንኳ በልጅነታችን በቆርኪና በብይ ነበር የምንደባደበው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላን ትተነዋል።

የንግዱ ምስጢር ግን ሣጥኑ ላይ ነው። ሣጥኑ የታሸገ ነው፤ ውስጡ የትኛዋ ቀለም እንዳለች ገዢው የሚያውቀው ከፍሎ ከከፈተ በኋላ ነው። እኛ አገር ይህን ቶምቦላ ነው የምንለው። አንዱ ዙር ስድስት ዓይነት ይኖረዋል፤ ከስድስቱ ውጭ ደግሞ አንድ «ሚስጥራዊ» ትኖራለች። እሷ የምትወጣው ከ72 ሣጥን በአንዱ ነው፤ ይህን ኩባንያው ራሱ ይናገራል። የአንዱ ሣጥን ዋጋ አሜሪካ ሱቅ 28 ዶላር ገደማ ነው፤ በድርሃም 103 አካባቢ።

እስቲ አብረን እናስላው። ምስጢራዊቷን ለማግኘት ግማሽ በግማሽ ዕድል እንዲኖራችሁ ብቻ 50 ሣጥን መግዛት አለባችሁ። 1,400 ዶላር! በጠያቂያችን ደመወዝ ከአራት ወር በላይ ማለት ነው፣ ምግብም ትራንስፖርትም ሳይታሰብ። «72 ብገዛ ግን ታገኘኝ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አታገኝህም፤ ቢያንስ ዋስትና የለህም። መቶ ሰዎች ከያሉበት ሰባ ሁለት ሰባ ሁለት ሣጥን ቢገዙ 37 ያህሉ እሷን ሳያዩ ይቀራሉ። ቻይና ራሷ በ2023 ለነጋዴዎች ባወጣችው መመሪያ እንዲህ ያለ የታሸገ ሣጥን ከስምንት ዓመት በታች ላለ ሕፃን እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ ከዚያ በላይ ላለውም ልጅ የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋል። የዕድል ጨዋታ መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም።

የሣጥኑ ነገር ነው እንግዲህ ለቸርቻሪው ገበያ የከፈተለት። ሣጥን ከፍቶ ዕድሉን የሞከረው ሰው ያገኘውን ለሌላ በሦስት እጥፍ ይሸጣል። ለጠያቂያችን 900 ድርሃም የጠራው ልጅም ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ያውም የያዘው እውነተኛ ከሆነ! ይህ ዋጋ ደግሞ እንደ ወርቅ ተቀምጦ የሚቆይ አይምሰላችሁ። በ2025 ሰኔ ላይ ኩባንያው ብዙ ላቡቡ አምርቶ ገበያ ላይ ሲለቅ ቻይና ውስጥ የቸርቻሪዎቹ ዋጋ በቀናት ውስጥ ቁልቁል ወርዷል። «ኢንቨስትመንት ነው» እያላችሁ ለምትጽፉልኝ ሁለት ሦስት ወጣቶች ይህን እወቁልኝ። ብዛቱን የሚወስነው ፋብሪካው ነው፤ ነገ አንድ ሚሊዮን ሠርቶ ቢለቅ የእናንተ ብርቅ ረከሰ። መንዝ ውስጥ ሴቶቹ የበግ ፀጉር ፈትለው ወንዶቹ የሚሸምኑት ባና እኮ ሁለት አንድ ዓይነት የለውም! ጥቁሩም ቡናማውም በጉ ራሱ ነው፣ ቀለም አልነካውም። ሰብሳቢ መሆን ለሚያምረው ሰው እዚያ ቢሄድ የሚሰበስበው አያጣም። (ክረምት ሲገባ በግ በግ እንደሚሸት ግን አልደብቃችሁም።)

አሁን ደግሞ ስለ ሐሰተኛዋ። ቻይናዎቹ ራሳቸው ስም አውጥተውላታል፣ «ላፉፉ»። ዱባይ ብቻ አይደለም ያለችው፤ ቦሌም ፒያሳም በየቦርሳው ላይ ተንጠልጥላ ከማያት ውስጥ አብዛኛዋ ላፉፉ ናት ብዬ እጠረጥራለሁ። እንዴት ትለያለች? መጀመሪያ ጥርስ ቁጠሩ። ዘጠኝ ካልሆነ ክርክር የለውም። ዘጠኝ ከሆነ ደግሞ ገና አልጨረሳችሁም፤ ሐሰተኛ ሠሪውም መቁጠር ተምሯል። የፊቷን አቀባብ እዩ፤ ቀለሙ ከመስመሩ የወጣ፣ ዓይኗ የተንጋደደ ከሆነ ተዉት። ጆሮዋን ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ስፌቱ ከላላ ተዉት። ሣጥኑ ላይ ተፍቆ በስልክ ካሜራ የሚነበብ ምልክት አለ፤ በኩባንያው ገጽ ላይ ይረጋገጣል። ተፍቆ ያደረ ከሆነ ግን ዋጋ የለውም፤ ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው የሚገለበጥ ነው። ከሁሉም በላይ ዋጋውን ጠይቁ። ፋብሪካው ራሱ 103 ድርሃም ገደማ የሚሸጠውን ነገር አንዱ ተነሥቶ በ65 ከሰጣችሁ፣ ወላሂውን ተቀብላችሁ አሻንጉሊቷን መልሱለት!

ይህን የምለው ለኩራት ብቻ አይደለም። በ2025 ነሐሴ የአሜሪካ የሸቀጥ ደኅንነት ኮሚሽን ስለ ሐሰተኛዎቹ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ክፍሎቻቸው በቀላሉ እየተነቀሉ ለሕፃን ጉሮሮ አደገኛ ናቸው። ቤታችሁ እጁ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከት ማሙሽ ካለ ላፉፉን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ።

«ጋኔን ናት፣ ቤት አታስገቧት» የሚለውን ወሬም ሳልነካው አላልፍም፤ ደብዳቤ መጥቶልኛልና። በጥንታዊ መስጴጦምያ የነበረ ፓዙዙ የሚባል ክፉ መንፈስ ናት እያሉ ማኅበራዊ መገናኛው ላይ አናፍሰውታል። ወሬው ርቆ ሄዷል፤ ኢራቅ ኩርዲስታን ውስጥ ባለሥልጣናት ከሱቅ እስከ መውረስ ደርሰው ነበር። ሠዓሊው የተነሣው ከሰሜን አውሮፓ ተረት ነው፣ ከዚያኛው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ጥርስ ያሳየ ሁሉ ጋኔን ከሆነማ የአገራችን ጭላዳ ምን ሊባል ነው? ወደ ጭላዳዋ እመለሳለሁ።

ለጠያቂያችን የመለስኩላት ይህ ነው። «እህት ዓለም፣ ምስጢራዊቷን አትግዢ። እኔ ቆርቆሮው ይሻላል ለማለት ብቻ አይደለም፤ እሱንማ አንቺም ታውቂዋለሽ። 900 ድርሃም መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ስንት ሴት በግ እንደሚገዛም ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ግን ብትገዢላትም ኩርፊያው አይበርድም። እህትሽ አፍራለች እንጂ አሻንጉሊት አላጣችም። ያፈረችበትን ደግሞ ገና አልነገረችሽም። ስለዚህ ሌላ ዕቃ ከመላክሽ በፊት የድምፅ መልእክት ላኪላት። አጭር ይሁን! እንዴት እንደገዛሽው፣ ሰውዬው እንዴት እንደማለልሽ፣ መደርደሪያው ፊት እንዴት እንዳለቀስሽ ንገሪያት። ‘አታለልሁሽ’ ሳይሆን ‘ተታለልሁ’ በይ። ደመወዝሽንም ንገሪያት፤ ስንት እንደሆነ ታውቃለች? ካላወቀች ጥፋቱ የአንቺም ነው።»

ይህን ስጽፍ እውነቱን ለመናገር ታናሺቱ ላይ ትንሽ ተናድጄ ነበር። እህቷ ሰው ቤት እየጠረገች የምታስተምራት ልጅ በአሥር ጥርስ ምክንያት ታኮርፍ? የከተማ ልጅ ለመምሰል! የምስሏን ነገር በልቤ ጨርሼ ነበር። በሳምንቱ ስልክ ደወለ። ታናሺቱ ናት።

«ጋሼ፣ እታለም ቁጥርዎን ሰጠችኝ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው። አቋርጬ ልመክራት ስል «እስቲ ይስሙኝ» አለችኝ። ሰማኋት።

አሻንጉሊቷ የደረሰቻት ማታ ነው። ጥርሷን ወዲያው ቆጠረች፤ የመንዝ ልጅ አይደለች? አሥር ሆነ። «ምን ቸገረኝ፣ ማን አፏን ከፍቶ ያያል?» ብላ በማግሥቱ ቦርሳዋ ላይ አንጠለጠለቻት። ያየ ግን ነበር። ኮሌጅ አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጠው ሳለ ከጓደኞቿ አንዷ አሻንጉሊቷን አነሣችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ማለት ጀመረች። አሥር ላይ ስትደርስ ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። «ላፉፉ ከፋራ አገር!» አለች አንዷ። ልጅቷ መኝታ ክፍሏ ውስጥ እናቷ የሰጠቻትን ባና አንሶላ ደርባ ሸፍና ነው የምትተኛው፤ እንዳይታይባት። እና ያ ሁሉ ድካም በአንድ ሻይ ተገለጠ። እዚያው ተቀምጣ ለእህቷ ያቺን አንድ መስመር ጻፈች። ጽፋ ሳትጨርስ ተጸጸተች፣ ግን ሄዷል።

«ታዲያ ለምን ስልክ አታነሺም?» አልኳት።

ዝም አለች። ቆይታ «በማግሥቱ አሻንጉሊቱን ያመጣችልኝ ልጅ ደወለች» አለች። «‘ስጦታሽ አማረሽ? እህትሽ እኮ የሁለት ወር ደመወዝ ሳይከፈላት፣ ከእኔው ተበድራ ነው የገዛችልሽ’ አለችኝ። ጋሼ፣ እኔ አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ ‘ተመቸኝ’ ነው የምትለኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ስልኳን ላንሣ? ምን ልበላት?»

እኔም ምን ልበላት። የበግ ጥርስ የምቆጥር ሰውዬ፣ የሰው ልጅ ኩርፊያ ላይ ግን አንዱን ቆጥሬ አንዱን ረስቼ ነበር።

ለታላቂቱ ይህን ልንገራት አልንገራት ብዬ ታናሺቱን አስፈቀድኳት። «እኔው እነግራታለሁ» አለች፤ ነገረቻትም። ደመወዙ ዘግይቶ ቢሆንም ተከፍሏል፣ የሁለቱም ወር። ነገር ግን ገልፍ ያላችሁ እህቶቼ ሁሉ ይህን ያዙልኝ። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች በ2022 ባወጡት የቤት ሠራተኞች ሕግ መሠረት በሳምንት አንድ ቀን የሚከፈልበት ዕረፍት መብታችሁ ነው። ፓስፖርታችሁን አሠሪ መያዝ አይችልም። ደመወዝ ሲዘገይ አቤት የሚባለው ለሰው ኃይልና ኤሚሬታይዜሽን ሚኒስቴር ነው፤ ዱባይ ላይ የኢትዮጵያ ቆንስላም አለ። ለሁለት ወር ዝም ብሎ መጠበቅ፣ መጠበቁንም ከቤተሰብ መደበቅ፣ ጨዋነት አይምሰላችሁ። ጠያቂያችንን ይህን ስላት «እማዬ ከሰማች ተመለሽ ትለኛለች ብዬ ነው» አለችኝ። ገባኝ፣ ግን አልተስማማሁም።

ጭላዳዋን ረስቼ። ታናሺቱ ለፋሲካ መሐል ሜዳ ስትገባ አሻንጉሊቷ ቦርሳዋ ላይ እንዳለች ነበር፤ መንቀሉንም ጠልታ፣ ማንጠልጠሉንም አፍራ፣ ዝም ብላ ይዛት ሄደች። ጎረቤት መጥታ «ይቺ ነገር ጋኔን ናት ይላሉ፣ ጠበል ይረጭባት» አለች። እናትየው መነጽራቸውን አድርገው አሻንጉሊቷን ገለባብጠው አዩና «ኤዲያ! የጓሳ ጭላዳ ናት እንጂ የምን ጋኔን» ብለው መለሱላት። እውነታቸውን ነው። ጓሳ ሜዳ ላይ ሳር ሲግጥ የሚውለው ጭላዳ ሲቆጣም ሲፈራም የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱን እስከ ጥርሱ ያሳያል። ያየ ሰው አይረሳውም። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይገኝም፤ ብርቅ ፈላጊ ካለ ብርቁ እሱ ነው፣ ግን ቦርሳ ላይ አይንጠለጠልም።

«ማን ላከልሽ?» አሉ እናት። «እታለም።» «ስንት ገዛችው?» ልጅቷ ዋጋውን ስትነግራቸው ምን እንዳሉ አልነገረችኝም። ያን ዕለት ማታ ግን ስልኩን የደወሉት እናትየው ናቸው፤ ደውለው ለታናሺቱ አቀበሏት። አምስቱ ሳምንት እዚያ ላይ አበቃ። የእኔ ምክር ከደረሰ በኋላ ይሁን ከመድረሱ በፊት ሁለቱም በትክክል አያስታውሱትም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እቁቡ ወጥቷል። ቆርቆሮው ይገዛል ተብሏል፤ ታናሺቱ በበዓል ቀን ፀጉር ቤት ውስጥ መሥራት ጀምራ የራሷን ትራንስፖርት እንደምትችል ነግራኛለች። ባናውን ግን እስካሁን በአንሶላ ሸፍና ነው የምትተኛው። «ቀስ እያልኩ» አለችኝ። አላጣደፍኳትም።

ባለፈው ዓርብ ቢሮ መጥታ ነበር፣ ላመስግን ብላ። ላፉፉዋ ቦርሳዋ ላይ አለች። መነጽሬን አድርጌ አፏን አየሁ፤ የዱሮ ልማዴ ነውና ቆጠርኩ። ዘጠኝ! ግራ ገብቶኝ ቀና ብል ልጅቷ ሳቋን ትይዛለች። በቀኝ በኩል ያለችውን የመጨረሻዋን ጥርስ በጥቁር እስክሪብቶ ደልዛት ኖሯል።